ከሚላኖ እስከ ጀሞ፦ ማሽኑን እንገዛለን፣ አምራቹን አናውቀውም

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ወደ ሜክሲኮ የሚሄደው የታክሲ ሰልፍ ረዝሟል። በጀሞ 1 ኮንዶሚኒየም፣ ከአንዱ ብሎክ ምድር ላይ ባለች ካፌ ውስጥ ደግሞ ማሽኑ አስቸግሯል። ባለሁለት ራስ የጣሊያን ማሽን ነው። በግራው ራስ ቡናው በእጀታው ጠርዝ እያፈተለከ፣ ስኒው ውስጥ መግባት ሲገባው ትሪው ላይ ይንጠባጠባል። ባሬስታዋ በቀኙ ብቻ ለመሥራት ሞክራ ነበር። ማኪያቶ ያዘዙት ሰዎች ሰዓታቸውን እያዩ አንድ በአንድ መውጣት ሲጀምሩ የካፌዋ ባለቤት ስልኳን አነሣች።

የመጡት ቴክኒሺያን ጠና ያሉ ሰው ናቸው። እንፋሎቱን አስተንፍሰው፣ ማሽኑ ጥቂት እስኪበርድ ጠብቀው፣ በካቻቢቴ ጫፍ ከግራው ራስ ውስጥ አንድ ጥቁር የጎማ ቀለበት ፈልቅቀው አወጡ። በሁለት ጣታቸው ጎበጥ ሲያደርጉት ተሰበረ። ሙቀቱ አድርቆት ጎማነቱ ጠፍቷል።

“ጋሼ፣ ዛሬ ይሠራልኛል?”

“ጎሚኒው ካለ ሩብ ሰዓትም አይፈጅ፣ ልጄ።”

መለኪያቸውን አውጥተው የተሰበረውን ገጣጥመው ለኩት። ውጪው 73 ሚሊ ሜትር፣ ውስጡ 57፣ ውፍረቱ 8 ተኩል። ቦርሳቸው ውስጥ ያሉት ሁለቱም ባለ 8 ናቸው። ከላዩ ስስ መደገፊያ ደርበው አንዱን አስገቡት፤ እጀታውን አጥብቀው አዞሩት፤ ውሃ ለቀቁበት። ያዘ። “ለጊዜው ነው። ትክክለኛው ሲገኝ እደውልልሻለሁ” ብለው ሂሳባቸውን ተቀበሉ። መቼ እንደሚገኝ እሷም አልጠየቀችም፤ እሳቸውም አልተናገሩም።

የእኛንና የጣሊያንን ዕቃ ግንኙነት ያች ግማሽ ሚሊ ሜትር ጥሩ አድርጋ ታሳያለች። ማሽኑን በብዙ መቶ ሺህ ብር እንገዛለን። ማሽኑን የሠራው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ከተማ እንደሚገኝ፣ መለዋወጫውን ከእሱ ሌላ ማን እንደሚሠራው ግን ሳንጠይቅ ነው የምንገዛው።

የቡና ማሽን ነገር ዛሬ ላለው ገዢ የሚጠቅም ታሪክ አለው። ሉዊጂ ቤዜራ የተባለው የሚላኖ ሰው በእንፋሎት ግፊት ቡና የሚያወጣ ማሽኑን እ.ኤ.አ. በ1901 በስሙ አስመዘገበ። አኪሌ ጋጃ በ1938 ያለ እንፋሎት፣ በግፊት ብቻ የሚሠራውን ይዞ መጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋኤማ የተባለው ኩባንያ እዚያው ሚላኖ ውስጥ ተቋቋመ፤ በ1961 ኢ 61 ያለውን ማሽን አወጣ። ስሙን ያገኘው በዚያ ዓመት ከታየው የፀሐይ ግርዶሽ ነው። ይህ ማሽን ውሃውን በፓምፕ፣ በ9 ባር ግፊት ይገፋል፤ ቡናው የሚወጣበትን ራስም ሁልጊዜ ትኩስ አድርጎ ይይዛል። የዚህ ራስ አሠራር በጣም ስለተወደደ ሌሎች ብዙ የጣሊያን አምራቾች ተቀበሉት፤ እስካሁንም ይሠሩታል። በዚህም የተነሣ የኢ 61 ዓይነት ራስ ያለው ማሽን ጎሚኒው፣ ወንፊቱ፣ እጀታው ከብዙ ቦታ ይገኛል። አምራቹ ለብቻው በነደፈው ራስ የሚሠራ ማሽን ግን ዕድሜ ልኩን የአንድ ፋብሪካ ደንበኛ ነው። ጥሩ ማሽን ሊሆን ይችላል፤ ክፋት የለበትም። ገዢው ይህን ከመክፈሉ በፊት ማወቅ አለበት ነው የምለው።

ሌላም አለ። ሚላኖ ከባሕር ወለል በ120 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጀሞ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ነው። ሚላኖ ላይ ተስተካክሎ የመጣ ማሽን እንዳለ ከተተከለ ከራሱ የሚወጣው ውሃ ወዲያው እየፈላ ይተፋል፤ ቡናው ይቃጠላል። የቦይለሩን ግፊት ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ደህና ቴክኒሺያን ይህን ያውቀዋል። ውሃውም የራሱ ጣጣ አለው። የጀሞ ካፌዎች ውሃ በፈረቃ ስለሚያገኙ ሮቶ ሞልተው ይጠብቃሉ፤ ሲያልቅ በቦቴ ያስመጣሉ። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ማዕድን ስለሚበዛበት ቦይለሩ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ማሽኑ ሲታዘዝ የውሃ ማለስለሻው አብሮ ካልታዘዘ የጎሚኒው ችግር የችግሮች ሁሉ ትንሹ ይሆናል።

ጣሊያንን ከሌሎች ላኪ አገሮች የሚለያት አንድ ነገር አለ። ከተሞቿ ሙያ ተከፋፍለዋል። የቤት ወለል ሴራሚክ ከተባለ ሞዴና አጠገብ ያለችው ሳሱኦሎ ናት። እብነ በረድ ከተባለ ካራራ። የቆዳ ፋብሪካ ማሽንና የቆዳ አለፋ ሙያ ከተባለ ፒዛ አጠገብ ሳንታ ክሮቼ ሱላርኖ። የጫማ ማሽን ቪጄቫኖ፣ የእንጨት ሥራ ማሽን ሪሚኒ፣ የጀላቲ ማሽን ቦሎኛ ዳርቻ ያለችው አንዞላ። ካርፒጃኒ የተባለው የጀላቲ ማሽን ሠሪ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የሚሠራው ከዚያው አካባቢ ነው። የፓስታ ፋብሪካ ማሽን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ቼንቶ የምትባል ትንሽ ከተማ ይሄዳል፤ ፋቫ የተባለው ድርጅት እዚያ ይገኛል።

ጂያኮሞ ቤካቲኒ የተባለው የፍሎረንስ ኢኮኖሚስት ይህን አሠራር አጥንቶ ለዓለም አስተዋወቀ። አንድ ከተማ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ ወርክሾፖች አንዱ ብሎኑን፣ ሌላው ቅርጽ ማውጫውን፣ ሌላው ሞተሩን ይሠራሉ። ባለቤቶቹ ይተዋወቃሉ፤ ሠራተኛው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ ሙያው በከተማው ውስጥ ይቀራል። የጣሊያን መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ሕግ እነዚህን የኢንዱስትሪ አካባቢዎች በይፋ አወቃቸው። ለእኛ ገዢዎች ይህ ተግባራዊ ትርጉም አለው። ማሽኑ ላይ ስሙ የተጻፈው ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ ገጣጣሚ ነው፤ ጎሚኒውን፣ ፓምፑን፣ የግፊት መለኪያውን የሚሠሩለት ጎረቤቶቹ ናቸው። እነሱን የሚያውቅ ሰው መለዋወጫውን ከምንጩ፣ በምንጩ ዋጋ ያገኛል። ከተማዋን ማወቅ ማለት ይኸ ነው።

አዲስ አበባ ይህን ድሮ ታውቅ ነበር። ከጣሊያን ጋር ያለን ታሪክ መራራ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረውን ወረራ፣ የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ የሚረሳ ኢትዮጵያዊ የለም፤ መረሳትም የለበትም። ከነጻነት በኋላ ግን እዚህ የቀሩ ጣሊያኖች መካኒክ፣ ግንበኛ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ነጋዴ ሆነው ከእኛ ጋር ኖሩ። ቶሞካ እ.ኤ.አ. በ1953 ፒያሳ ላይ ቡና መቁላት ጀመረ። የካስቴሊ ምግብ ቤት፣ የኤንሪኮ ኬክ ቤት ለአዲስ አበቤ የቅርብ ነበሩ። ኤን ሦስት የምንለው የፊያት ከባድ መኪና ከአሰብ መንገድ ጀምሮ አገሩን ሁሉ አዳርሷል። አምቼ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቁሞ የጣሊያን መኪና እዚሁ መገጣጠም ጀመረ። ጋራዥ ውስጥ ካቻቢቴ፣ ጎሚኒ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ እያልን የምንጠራው ሁሉ በዚያ መንገድ የገባ ነው።

ያን ጊዜ ዕቃ የሚያስመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አምራቹን በአካል ያውቀው ነበር። የትውልድ ከተማው ሰው ነው፤ ደብዳቤ ይጽፍለታል። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ፋብሪካዎችንና ትልልቅ ድርጅቶችን ሲወርስ ከጣሊያኖቹም ብዙዎቹ ሄዱ፤ ያ ክር ተበጠሰ። በኋላ ገበያው ሲከፈት ዕቃው በሦስትና በአራት እጅ እያለፈ መምጣት ጀመረ። ዛሬ ጀሞ ያለ ካፌ የሚገዛው ማሽን ከጣሊያን ተነሥቶ አንዳንዴ በዱባይ ያገለገለ ዕቃ ነጋዴ በኩል ዞሮ ነው የሚደርሰው። ማሽኑ ይመጣል። ከማሽኑ ጋር መምጣት የነበረበት ዕውቀት መንገድ ላይ ይቀራል።

ወደ ምግቡ ልሻገር። እዚያው ጀሞ፣ ዋናው መንገድ ዳር ካሉት ሱፐርማርኬቶች ወደ አንዱ ገብቼ ከፓስታው መደርደሪያ ፊት ቆምኩ። አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ቀለም የሌለው ፓኮ ማግኘት ይከብዳል። ስሞቹም ብዙዎቹ ጣሊያንኛ ናቸው። ገልበጥ ሲደረጉ ግን ከፊሎቹ ቱርክ፣ ከፊሎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተመረቱ ናቸው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ሸማቹ ግን ፊቱን ትቶ ጀርባውን ማንበብ ይልመድ።

ጀርባው ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው የስንዴው ዓይነት ነው። በጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው ሕግ ቁጥር 580 ደረቅ ፓስታ ከዱረም ስንዴ ብቻ እንዲሠራ ደነገገ። በ1988 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ከሌላ አባል አገር የሚመጣ የለስላሳ ስንዴ ፓስታ እንዳይሸጥ መከልከል አይቻልም አለ፤ የራሳቸው አምራቾች ግን በዱረሙ ጸኑ። ፕሮቲኑ ከ10.5 በመቶ እንዳያንስ፣ እርጥበቱ ከ12.5 በመቶ እንዳይበልጥም ይጠየቃሉ። ብዙ የጣሊያን ፓኮዎች ላይ ስንዴው የበቀለበትና የተፈጨበት አገር ጭምር ተለይቶ ይጻፋል። ቅርጹ በነሐስ ማውጫ ወጥቶ ከሆነ ያንንም በኩራት ይጽፉታል፤ ነሐስ የፓስታውን ገጽ ሻካራ ስለሚያደርገው ስጎው በደንብ ይይዝለታል። በቴፍሎን የወጣው ለስላሳና የሚያበራ ቢጫ ነው፤ በነሐስ የወጣው ደብዘዝ ያለ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነው። በዓይን ይለያል። አንድ ነገር ደግሞ ለጀሞ እናቶችና ወንደላጤዎች፦ ፓኮው ላይ “10 ደቂቃ” ቢል አትመኑት። ለዝቅተኛ ቦታ የተሰላ ነው። እዚህ ውሃው የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ጥቂት ደቂቃ መጨመር ግድ ነው።

አሁን የማምንበትን ልናገር። ፓስታን ከጣሊያን ማስመጣት ለኢትዮጵያ የሚያዋጣ ነገር አይደለም። ዱረም ስንዴ የእኛው ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ዞሮ ሲያይ በስንዴው ብዛትና ዓይነት ተደንቆ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዘገበ። የደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል እንደ ኡዴና የረር ያሉ ለፓስታ የሚሆኑ ዝርያዎችን አውጥቷል። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ይህን ያውቃሉ። በጣሊያን መንግሥት ድጋፍ በባሌ የተካሄደው ፕሮጀክት አርሶ አደሮች ዱረም ስንዴ አምርተው በኅብረት ሥራ ማኅበሮቻቸው በኩል በቀጥታ ለአገር ውስጥ ፓስታ ፋብሪካዎች እንዲሸጡ አድርጓል። በፒዛ የሚገኘው የሳንታና ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የኢትዮጵያን ነባር የዱረም ዝርያዎች ለዓመታት አጥንቷል። ስንዴውን ፍለጋ እነሱ ወደ እኛ ሲመጡ እኛ ፓስታውን ፍለጋ ወደ እነሱ መሄዳችን ያሳዝነኛል።

ከጣሊያን መምጣት ያለበት የነሐሱ ቅርጽ ማውጫ ነው። ማድረቂያው ነው። ፓስታን ቀስ ብሎ በዝቅተኛ ሙቀት ለብዙ ሰዓታት ማድረቅ ጣዕሙን ይጠብቃል፤ በከፍተኛ ሙቀት በጥቂት ሰዓት ማድረቅ ምርቱን ያፋጥናል። የትኛው ለየትኛው ስንዴ እንደሚሆን የሚያውቁት የቼንቶ መሐንዲሶች ናቸው። እነሱን ማምጣት፣ ልጆቻችንን እነሱ ዘንድ መላክ፣ ይህ ነው ዩሮ የሚወጣበት።

አንዳንድ ምግብ ግን እዚህ ሊሠራ አይችልም፤ ሊገዛም ይገባል። ፓርሚጃኖ ሬጃኖ አይብን ውሰዱ። በፓርማ፣ በሬጆ ኤሚሊያና በአጎራባቾቻቸው ውስን ቀበሌዎች ብቻ ነው የሚሠራው። 40 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን አንድ ድፍን አይብ 550 ሊትር ያህል ወተት ይገባበታል፤ ቢያንስ 12 ወር ሳይበስል ማኅተም አይመታበትም። የአምራቾቹ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ስሙን ይጠብቃል። ሳር ቤትና ቦሌ ያሉ ምግብ ቤቶች ያዝዙታል፤ ጀሞ ካሉት ፒዛ ቤቶችም አንዳንዶቹ እየጠየቁ ነው። የሚገዛ ሰው ቅርፊቱ ላይ ዙሪያውን በነጠብጣብ የተጻፈውን ስም ይመልከት። ቅርፊት የሌለው፣ ተፈቅፍቆ በከረጢት የመጣ አይብ ስሙን ብቻ ይዞ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ማዘዝ የፈለገ ሰው ምን ይጠብቀዋል? ከጥቂት ዓመታት በፊት የነበረውና አሁን ያለው አንድ አይደለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳይገቡ ከልክሎ ነበር፤ አውቶሞቢል፣ ውስኪ፣ ሽቶና መሰል ዕቃዎች ነበሩበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ ያ ክልከላ ተነሣ። ብሩ ግን በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር በዶላር ወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። ዶላሩ ተገኘ፣ ዋጋው ናረ። ያኔ በወረፋ ያቅት የነበረው አሁን በገንዘብ ያቅታል። በዚህ ላይ እስከ 35 በመቶ የሚደርስ የጉምሩክ ቀረጥ፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። የኢንቨስትመንት ፈቃድ ኖሮት የማምረቻ ማሽን ለሚያስመጣ ሰው ቀረጥ የሚቀርበት አሠራር ስላለ ፕሮፎርማ ከመጠየቁ በፊት ያንን ያጣራ። ምግብ ከሆነ ደግሞ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ይቀድማል።

የጣሊያን ትንሽ አምራች ዋጋ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ በፋብሪካው በር ላይ ነው የሚሰጠው። ርካሽ ይመስላል። ከዚያ በር እስከ ጄኖቫ ወይም ላ ስፔዚያ ወደብ ያለው ማጓጓዣና የወጪ ጉምሩክ ሥርዓቱ ግን በገዢው ላይ ይወድቃል። ኤፍ ኦ ቢ፣ ማለትም ዕቃው መርከብ ላይ እስኪጫን ያለውን ወጪ የያዘ ዋጋ መጠየቅ ይሻላል። ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) ሲከፈት ሻጩ በአውሮፓ ባንክ እንዲረጋገጥለት ይፈልጋል፤ ያም ክፍያ አለው። ከእ.ኤ.አ. 2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲደርስ ብዙ መርከቦች አፍሪካን ዞረው መሄድ ጀምረው ነበር፤ ለጅቡቲ የሚመጣ ዕቃም ዘገየ፣ ዋጋው ወጣ። ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያለውን መንገድ አስመጪዎቻችን ያውቁታል።

ትዕዛዙ የሚላክበት ወርም ሊታሰብበት ይገባል። ጣሊያን በነሐሴ ይዘጋል። ነሐሴ 9 ቀን የሚውለው ፌራጎስቶ ትልቅ በዓላቸው ነው፤ በዙሪያው ፋብሪካዎች ለሳምንታት ይዘጋሉ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደብዳቤ የላከ ሰው መልስ የሚያገኘው እኛ ለእንቁጣጣሽ ስንዘጋጅ ነው። ለማዘዝ የተሻለው ጊዜ ከመስከረም በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ጣጣ አንድ የጀሞ ካፌ ብቻውን ሊወጣው አይችልም። ጎሚኒ ከጣሊያን ላስመጣ ቢል የመላኪያው ዋጋ ከጎሚኒው ዋጋ እጅግ ይበልጣል። የሥራችን ክፍተት ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከጀሞ 1 እስከ ጀሞ 3፣ እስከ ለቡና ሀና ማርያም ድረስ ስንት የጣሊያን ማሽን ያላቸው ካፌዎች እንዳሉ መንገዱን በእግሩ የሄደ ሰው ያያል። ሁሉም ያው ጎሚኒ፣ ያው ወንፊት፣ ያው ፓምፕ ያስፈልጋቸዋል። ግን እያንዳንዱ ለብቻው ቴክኒሺያን ይጠራል፤ ለብቻው ይከፍላል። እቁብ መጣልና እድር መመሥረት የሚያውቅ ሰፈር ለመለዋወጫ መሰባሰብ አያቅተውም። የሁሉንም ማሽን ዓይነት መዝግቦ፣ የዓመት ፍላጎቱን አስልቶ በአንድ አስመጪ ፈቃድ በአንድ ካርቶን ማዘዝ ነው። ዳቦ ቤቶቹም እንዲሁ። የእንጨት ሥራ ቤቶቹም እንዲሁ።

አምራቹን ማግኘት ደግሞ የሚታሰበውን ያህል አይከብድም። የጣሊያን የንግድ ኤጀንሲ አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ አለው። ሥራው የጣሊያን አምራቾችን ከውጭ ገዢ ጋር ማገናኘት ነው፤ ለትልልቅ ኤግዚቢሽኖችም ከየአገሩ ገዢዎችን ይጋብዛል። የቡና፣ የኬክ፣ የዳቦና የጀላቲ ዕቃ የሚፈልግ ሰው በየዓመቱ ጥር ላይ ሪሚኒ የሚከፈተውን ሲጌፕ ይመልከት። የካፌና የሆቴል ማሽን በየሁለት ዓመቱ ጥቅምት ላይ ሚላኖ በሚካሄደው ሆስት ይቀርባል። እብነ በረድ ለሚሠሩ ቬሮና፣ ሴራሚክ ለሚነግዱ ቦሎኛ በመስከረም አለ።

የጀሞ ባለ ካፌዎች፣ ከመካከላችሁ አንድ ሰው መርጣችሁ ላኩ። የማሽኖቻችሁን ሞዴልና መለያ ቁጥር፣ ያረጁትን ክፍሎች ልክ በሚሊ ሜትር ጽፋችሁ አስይዙት። ሲሄድ መለዋወጫውን የሚሠራውን ወርክሾፕ አድራሻ ሳያገኝ እንዳይመለስ አደራ በሉት።